ስንት ፍሬም በስንት ዋት? ለጌም የሚሆን ፕሮሰሰር ስንመርጥ

ደብረ ብርሃን ላይ የጌም ኮምፒውተር ሊገዛ የተነሳ ሰው ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ይታወቃል። «አይ ፋይቭ ነው አይ ሰቨን?» ባለሱቁም «አይ ሰቨን ነው ወንድሜ፣ ምንም አታስብ» ይለዋል። ልጁም ደስ ብሎት ይከፍላል። ከተነጋገሩት ውስጥ ግን ስለ ፍጥነት የሚናገር አንድም ነገር የለም።

አይ ሰቨን የሚለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ስም ደረጃን እንጂ ዘመንን አይነግረንም። በ2014 የወጣው ኮር አይ ሰቨን 4790 አራት ኮር፣ ማለትም አራት የሚያሰሉ ክፍሎች፣ አለው። በ2022 የወጣው ኮር አይ ስሪ 12100ም ያለው አራት ኮር ነው። (እዚህ የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ጌም ላይ ሲገናኙ ግን ትንሹ አይ ስሪ ታላቁን ያስከነዳዋል። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ቁጥሩን እዩ። በእነዚህ የኢንቴል ስሞች የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች ሸፍናችሁ የሚቀረው ትውልዱን ይነግራችኋል። 4790 አራተኛ፣ 12100 ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ነው።

በእኛ በኩል ሌላም ጥያቄ አለ። ስንት ዋት ይበላል? ፈረንጅ ይህን የሚጠይቀው ባብዛኛው ለቢሉ ብሎ ነው። እኛ የምንጠይቀው መብራት ስለሚሄድ፣ ሲመጣም ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየን ዩፒኤስም ጨዋታው በሞቀበት ሰዓት መጮህ ስለሚጀምር ነው። ፍጥነትና ዋት አብረው መታየት አለባቸው። ደግነቱ ለጌም ጎበዝ የሆኑት ፕሮሰሰሮች ብዙ የሚበሉት አይደሉም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

መጀመሪያ የሥራ ክፍፍሉን እንይ። ስክሪኑ ላይ የምታዩትን ምስል የሚስለው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ፣ ጥይቱ ማንን እንደመታ፣ ተቃዋሚው በየት በኩል እንደሚዞር ያሰላና «አሁን ይህን ሳል» ብሎ ለካርዱ ትዕዛዝ ይሰጣል። በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ሙሉ ምስል፣ ለማግኘት ይህ ሁሉ ለእያንዳንዱ ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ ማለቅ አለበት። ለ144 ፍሬም ከ7 ሚሊሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው ያለው። ትዕዛዙ ከዘገየ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ካርዱ ከዘገየ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ይጠብቃል። የፍሬሙን ቁጥር የሚወስነው ሁልጊዜ የዘገየው ነው።

ማን እንደዘገየ ማወቅ ቀላል ነው። ጌሙን ክፈቱና የግራፊክስ ካርዱን አጠቃቀም በመቶኛ እዩ። ከ95 በላይ ከሆነ ካርዱ አቅሙን ጨርሷል ማለት ነው፤ አዲስ ፕሮሰሰር ብትገዙ ገንዘባችሁን ውኃ በላው። ካርዱ 60 በመቶ ላይ ተቀምጦ ፍሬሙ ግን አልወጣ ካለ ችግሩ ባብዛኛው ከፕሮሰሰሩ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) 40 በመቶ ነው የሚለው፣ ገና ብዙ አቅም አለው» ይላል። 40 በመቶው የኮሮቹ ሁሉ አማካይ ነው። ጌም ግን ዋናውን ሥራ አንድ ሁለት ኮር ላይ ይቆልላል። እነዚያ ኮሮች ጣራ ነክተው ሌሎቹ እያንቀላፉም አማካዩ 40 ሊሆን ይችላል። ለጌም ከኮር ብዛት የእያንዳንዱ ኮር ጉልበት ይበልጣል የሚባለው ለዚህ ነው። ዛሬ ስድስት ጥሩ ኮር ለአብዛኛው ጌም ይበቃል። ስምንት ኮር ካለማ ድሎት ነው። አሥራ ስድስት ኮር ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ነው።

ዩቲዩብ ላይ የምታዩአቸው ንጽጽሮችም እንዳያሳስቷችሁ። ፈታሾቹ ፕሮሰሰሮችን ሲያወዳድሩ እንደ አርቲኤክስ 4090 ያለ ውድ ካርድ ይሰኩና ጥራቱን ወደ 1080ፒ ያወርዳሉ። ይህን የሚያደርጉት ካርዱ ፈጽሞ እንዳይዘገይና የፕሮሰሰሮቹ ልዩነት ፍጥጥ ብሎ እንዲወጣ ነው። ዘዴው ትክክል ነው። ነገር ግን እዚያ 30 በመቶ የበለጠው ፕሮሰሰር እናንተ ቤት ካለው አርቲኤክስ 3060 ጋር ሲሰካ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ስክሪናችሁ 60 ኸርዝ ከሆነ ደግሞ በሰከንድ ከ60 ፍሬም በላይ ሊያሳያችሁ አይችልም። ፕሮሰሰሩ 200 ቢያመርት 140ው አየር ላይ ይቀራል፤ ዋቱ ግን ይቆጠራል።

አማካይ ፍሬም ብቻ ማየትም አይበቃም። አንድ ኮምፒውተር በአማካይ 90 ፍሬም እያለ በየመሀሉ ስታክ ሊያደርግ ይችላል። ለዚህ ሲባል ፈታሾች እጅግ የዘገዩትን አንድ በመቶ ፍሬሞች ለብቻ ይለካሉ፤ የታችኛው ቁጥር የምለው ይህን ነው። አማካዩ 90፣ የታችኛው ደግሞ 35 ከሆነ እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁ 35ቱ ነው። እኔ አማካዩ ትንሽ ዝቅ ብሎ የታችኛው ቁጥር ከፍ ያለውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ምስጢር እንግባ፤ ካሽ ይባላል፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ የመረጃ ማስቀመጫ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚያሰላበትን መረጃ ከራም ያመጣል። ራም ሩቅ ነው። አንዴ ደርሶ ለመመለስ 70 ወይም 80 ናኖሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትልቁ ካሽ ግን ወደ 10 ናኖሰከንድ ገደማ ነው የሚወስደው። ወጥ እየሠራችሁ በርበሬው፣ ጨውና ዘይቱ እጃችሁ ሥር ካለ አንድ ነገር ነው። ለእያንዳንዷ ቁንጥር ጠባሴ ሰፈር ድረስ ወጥታችሁ የምትመለሱ ከሆነ ግን እጃችሁ የቱንም ያህል ቢፈጥን ወጡ አይደርስም። ጌም ደግሞ መረጃውን ከዚህም ከዚያም እየለቃቀመ ነው የሚሠራው፤ ቀጥሎ ምን እንደሚፈልግ ለመገመት ያስቸግራል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ብዙ ጊዜውን በመጠበቅ ያጠፋል።

የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው ኤኤምዲ በሚያዝያ 2022 ያወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ይህን ነው ያስተካከለው። 32 ሜጋባይት በነበረው ካሽ ላይ ሌላ 64 ሜጋባይት ደርቦ 96 አደረሰው። ጎን ለጎን አይደለም፤ እንደ ፎቅ ከላይ ነው የጫነበት። የሚገርመው፣ ይህ ፕሮሰሰር ካሽ ካልተደረበለት ወንድሙ በፍጥነት ያንሳል፤ ከፍተኛው ፍጥነቱ 4.5 ጊጋኸርዝ ነው፣ የወንድሙ ግን 4.7። ሆኖም ጌም ላይ ወንድሙን ጥሎት ሄደ። በ2023 7800ኤክስ3ዲ፣ በኅዳር 2024 ደግሞ 9800ኤክስ3ዲ ተከተሉ። ሁለቱም ስምንት ኮርና 96 ሜጋባይት ካሽ አላቸው። በመጨረሻው ላይ ካሹን ከኮሮቹ ሥር አደረጉት። በፊት ከላይ ሆኖ እንደ ብርድ ልብስ ሙቀቱን ይዞ ያስቀር ነበር፤ አሁን ኮሮቹ ወደ ማቀዝቀዣው ቀርበዋል፣ ፍጥነቱም ወደ 5.2 ጊጋኸርዝ ወጥቷል።

ከዋት ጋር የሚያገናኘውም ይኸው ነው። ፕሮሰሰርን ለማፍጠን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መጠበቁን መቀነስ ነው፤ ካሽ የሚያደርገው ይህን ነው። ሌላው ፍጥነቱን በጉልበት መግፋት ነው፤ ለዚያ ቮልቴጅ መጨመር ግድ ይሆናል። የሚበላው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ይጨምራል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው የሚያድገው። ነገሩን ገልብጣችሁ አስሉት። ፍጥነቱን 10 በመቶ፣ ቮልቴጁንም 10 በመቶ ብትቀንሱ 0.9 ሦስት ጊዜ በራሱ ይባዛል፤ ውጤቱ 0.73 ነው። በአሥር በመቶ ፍጥነት 27 በመቶ ኃይል ተረፈ ማለት ነው። በተቃራኒው የመጨረሻዋን አምስት በመቶ ፍጥነት ለማግኘት የሚከፈለው ዋት ዓይን ያወጣ ነው።

ኢንቴል በጥቅምት 2023 ያወጣው ኮር አይ ናይን 14900ኬ እዚህ ጫፍ ላይ የቆመ ፕሮሰሰር ነው። 24 ኮር አለው፤ ስምንቱ ጉልበተኛ፣ አሥራ ስድስቱ ቆጣቢ። እስከ 6 ጊጋኸርዝ ይሮጣል። ከፍተኛው የኃይል ልኩ 253 ዋት ነው። ጌም ላይ ያን ያህል አይደርስም፤ እንደ ጌሙ ከ100 እስከ 150 ዋት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። 7800ኤክስ3ዲ ግን በአብዛኛው ጌም ከ50 እስከ 80 ዋት መካከል ነው የሚመላለሰው። ፍሬሙ ደግሞ እኩል ወይም የበለጠ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አትመኑ የምለው ለዚህ ነው። የ7800ኤክስ3ዲ ካርቶን 120 ዋት ይላል፣ ጌም ላይ ከዚያ በጣም በታች ይሠራል። የ14900ኬ ወረቀት ደግሞ መነሻውን 125 ዋት ብሎ ይጽፋል፤ ሲለቀቅ ግን እጥፉን ያልፋል። ያ ቁጥር ባብዛኛው ምን ዓይነት ማቀዝቀዣ እንደሚያስፈልግ ለመንገር የተቀመጠ ነው።

በሁለቱ መካከል 80 ዋት ልዩነት አለ እንበል። ቤቱ በቀን አራት ሰዓት ለሚጫወት ሰው በወር ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። አያስጨንቅም። አምስት ኮምፒውተር ደርድሮ በቀን አሥር ሰዓት ለሚሠራ ጌም ቤት ግን በወር 120 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእኛ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ወደላይ የሚወጣበት ነው። ቆጣሪው ላይ ይታያል።

ከቆጣሪው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ዩፒኤሱ ነው። ብዙ ቤት ያለው ትንሹ 650 ቪኤ የሚባለው ነው። ሰው 650 ዋት ይመስለዋል። አይደለም፤ እንደ ሥሪቱ ይለያያል እንጂ ባብዛኛው 360 ዋት ገደማ ነው የሚችለው። ሲከፈት ውስጡ ያለው አንድ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው። ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲጎተትበት ያለውን ሁሉ አይሰጥም። 60 ዋት የሚበላ ፕሮሰሰር፣ 115 ዋት የሚበላ አርቲኤክስ 4060፣ ማዘርቦርዱ፣ ፋኖቹና ስክሪኑ ሲደመሩ 250 ዋት አካባቢ ይሆናሉ። ይህ ጨዋታውን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። በዚያው ላይ 140 ዋት የሚበላ ፕሮሰሰርና ተለቅ ያለ ካርድ ብትሰኩበት መብራቱ እንደሄደ ዩፒኤሱም «ጢ» ብሎ አብሮ ይሄዳል።

ስለ ማቀዝቀዣ ሲወራ «ደብረ ብርሃን እኮ ራሱ ፍሪጅ ነው» የሚል ቀልድ አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው። የክፍሉ አየር ሲቀዘቅዝ ፕሮሰሰሩም ቀዝቃዛ ይሆናል። ሌላው ግማሽ ግን አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው፤ አየሩም ስስ ነው። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው አየር ስፋቱ ያው ቢሆንም ክብደቱ ያንሳል፤ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ ክብደቱ ነው። ስለዚህ ብርዱ የሚሰጠንን የከፍታው ስስ አየር ከፊሉን ይወስድብናል። ውድ የውኃ ማቀዝቀዣ ብትገዙም አያመልጥም፤ እሱም በመጨረሻ ሙቀቱን የሚያስረክበው ለአየር ነው። ጣርማበርን አልፋችሁ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ወፈር ይላል፣ ሙቀቱ ግን ከባድ ነው። እዚያ በቀን በቆርቆሮ ቤት ውስጥ 253 ዋት የሚተፋ ፕሮሰሰር አስነስቶ መጫወት ምድጃ አጠገብ እንደመቀመጥ ነው። በ65 ዋት ክፍል የተመደበ ፕሮሰሰር ግን ከካርቶኑ በሚወጣው ማራገቢያ ይኖራል።

እስካሁን ኤኤምዲን ብቻ ያሞገስኩ መሰለኝ። ኢንቴል የሚያሸንፍበት ቦታ አለ፤ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ። ራይዘኖቹ ባብዛኛው ከተለያዩ ቁራጭ ቺፖች የተገጣጠሙ ስለሆኑ ቁራጮቹን የሚያገናኘው ክፍል ምንም ሳይሠራም ይበላል፤ ከ20 እስከ 30 ዋት መውሰዱ የተለመደ ነው። ኢንቴሎቹ ከዚያ በታች ይወርዳሉ። ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ እየጻፋችሁ፣ ቴሌግራም ከፍታችሁ ውላችሁ ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ ሒሳቡ ሊገለበጥ ይችላል። በጥቅምት 2024 የወጣው ኮር አልትራ 9 285ኬም ከ14900ኬ ጋር ሲወዳደር ዋቱን በደንብ ቀንሷል፤ ጌም ላይ ግን ከቀድሞው ትንሽ ዝቅ ማለቱ ብዙ ሰው አስከፍቷል።

ታዲያ ምን ይገዛ? ገንዘብ ላልቸገረውና 144 ኸርዝ ስክሪን ላለው 7800ኤክስ3ዲ ወይም 9800ኤክስ3ዲ ነው፤ ብዙ አያከራክርም። በተለይ እንደ ካውንተር ስትራይክ 2ና ቫሎራንት ያሉ ፕሮሰሰር የሚፈትኑ ጌሞችን ለሚጫወት። እነዚህ ኤኤም5 የሚባለውን ማዘርቦርድና ዲዲአር5 ራም የግድ ይፈልጋሉ፤ ወጪው እዚያ ላይ ይበዛል።

ለአብዛኞቻችን ግን እኔ የምመክረው ኮር አይ ፋይቭ 12400ኤፍ ወይም ራይዘን 5 5600 ነው። ሁለቱም በ2022 የወጡ፣ ስድስት ኮር ያላቸው፣ በ65 ዋት ክፍል የተመደቡ ናቸው። ዲዲአር4 ራም ይቀበላሉ። (ኢንቴሉን ከመረጣችሁ ማዘርቦርዱ የዲዲአር4 ይሁን፤ የዲዲአር5ም አለ።) የተረፈው ገንዘብ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይዋል። «ኤፍ» የሚለውን ፊደል ግን ልብ በሉ። ውስጡ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው፤ ካርድ ካልተሰካበት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። ራይዘን 5 5600ም እንደዚያው ነው፣ ፊደል ባይኖረውም።

ካርድ ለመግዛት አቅም ለጊዜው ከሌለ 5600ጂ ወይም 8600ጂ አለ። «ጂ»ው ጥሩ ግራፊክስ ውስጡ አለ ማለት ነው። ፊፋና ጂቲኤ 5ን በልኩ ያጫውታሉ፣ ፕሮሰሰሩም ግራፊክሱም በአንድ ላይ ያው 65 ዋት ክፍል ነው። ግን ራሙን ሁለት ቁራጭ አድርጋችሁ ሰኩ። የውስጥ ግራፊክስ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ስለሆነ፣ አንድ 16 ጊጋ ከመሰካት ሁለት 8 ጊጋ መሰካት ፍሬሙን በሚታይ መጠን ይጨምራል።

ያለውን ኮምፒውተር ማረቅም ይቻላል። የመጀመሪያው ነፃ መድኃኒት ፍሬሙን ማሰር ነው። ስክሪኑ 60 ኸርዝ ከሆነ ጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ በ60 ገድቡት፤ የፕሮሰሰሩም የካርዱም ዋት አብሮ ይወርዳል። ሁለተኛው ባዮስ በሚባለው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ ውስጥ ነው። አዳዲሶቹ ራይዘኖች ላይ ዋቱን የሚቀንስ ኢኮ ሞድ የሚባል አለ። ኢንቴል ላይ ደግሞ የኃይል ጣራውን በቁጥር መጻፍ ይቻላል። 253ን 125 ብታደርጉት ጌም ላይ የሚቀንሰው ጥቂት ነው፤ ጌም መጀመሪያውንም ሁሉንም ኮር አያሰለፍም።

ያገለገለ ለምትገዙ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከቢሮ የወጡት ዴልና ኤችፒ ዴስክቶፖች ርካሽ ናቸው፣ ጥራታቸውም መልካም ነው። ነገር ግን የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ ከ300 ዋት በታች ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም ብዙ ጊዜ የላቸውም። እነሱ ላይ የሚሄደው ከማዘርቦርዱ ብቻ 75 ዋት ወስዶ የሚሠራ ካርድ ነው፤ ለምሳሌ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገው ጂቲኤክስ 1650። ማራገቢያውንም አስነስታችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ሥሩ እንደ ሱፍ የተጋገረ አቧራ ይወጣል፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ፔስትም ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ሁለቱን ማጽዳትና አዲስ ፔስት መቀባት ብቻውን ኮምፒውተሩን ከመንቀራፈፍ ያወጣዋል።

ሌላው የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ኢንቴሎች ጉዳይ ነው፤ በተለይ «ኬ» ያለባቸው ጉልበተኞቹ። ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ ከጊዜ በኋላ ራሱን ይጎዳ ነበር። ጌሙ ያለ ምክንያት ይዘጋል፣ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ኢንቴል በነሐሴ 2024 0ኤክስ129 የሚባል ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ያልተጎዳውን ይጠብቃል እንጂ የተጎዳውን አይመልስም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ያገለገለ ፕሮሰሰር ከመክፈላችሁ በፊት ባዮሱ መታደሱን እዩ፤ ከዚያ ከባድ ጌም ክፈቱበትና ሻዩን አዝዛችሁ ተቀመጡ። ባለሱቁ «ይህን ሁሉ ምን አስፈለገ?» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።